ኮሎምበስ ወይስ ሚኒያፖሊስ? ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው የታክስ ሰሞን አንድ ወጣት ከሜሪላንድ ደወለልኝ። ለእሱና ለባለቤቱ ታክስ ስሠራላቸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ኪንደርጋርተን ልትገባ ነው፣ ትንሹ ገና ይድሃል። ሥራችንን ከጨረስን በኋላ "እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አለኝ። "ኪራዩ አላስቀምጥ አለን። ወይ ኮሎምበስ ወይ ሚኒያፖሊስ ልንሄድ አስበናል። እርስዎ ሁለቱም ጋ ኖረዋል። የትኛው ይረክሳል?"

ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ስለነበር "ኪራዩ ተቀራራቢ ነው፣ ተረጋግታችሁ አስቡበት" ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ልጁ የአራት ሰው ኑሮ አማክሮኝ፣ እኔ የመለስኩለት ስለ ኪራይ ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ ለሁላችሁም ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ኦሃዮ ስቴት ያለችው ኮሎምበስ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ቤቴ ሚኔሶታ ስቴት ውስጥ ከሚኒያፖሊስ ጎን ያለችው ሴይንት ፖል ነው። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ የሰው ደብሊው ቱ (ዓመታዊ የደመወዝ ወረቀት) ሳገላብጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የምነግራችሁ ግማሹ ኖሬበት የተማርኩት፣ ግማሹ ወረቀት ላይ ያየሁት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። ልጆቹን ማን ይይዛል? ቤታችሁስ ስንት መኪና ይፈልጋል? እነዚህን ሳትመልሱ የኪራይ ዋጋ ብታወዳድሩ ምንም አይጠቅማችሁም።

ይህን ያወቅሁት ከፍዬበት ነው። ኮሎምበስ የገባነው በ1999 ነው። ከሜሪላንድ ጎን ካለችው ዋሽንግተን ዲሲ የነቀለን ያው ኪራይ ነበር። ባለቤቴ ሪከንባከር ኤርፖርት አካባቢ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ውስጥ የሌሊት ሺፍት አገኘ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሆቴል አጸዳለሁ። መኪናችን አንድ ነች። እሱ ከሥራ ሲወጣ እኔ ልገባ ነው። ሲነጋጋ ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። እኔን ያወርደኝና እሱ ከልጅቷ ጋር ተመልሶ ይተኛል። ይተኛል ስላችሁ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ እንዴት እንደሚተኛ እናንተው ታውቃላችሁ። ኦቨርታይም የተያዘ ቀን እኔ እዘገያለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስዘገይ ከሥራ ተሰናበትኩ።

ሁለተኛ መኪና ገዛን። ወርሃዊ ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑ፣ ጥገናው ሲደመር ከዲሲ በመምጣታችን ያተረፍነውን የኪራይ ልዩነት ጠርጎ በላው። ያንን ሂሳብ ዲሲ እያለን አንድ ወረቀት ላይ ብንሠራው ኖሮ ቢያንስ አውቀነው እንመጣ ነበር።

ኮሎምበስ እስከ ዛሬ ባቡር የላትም። የመጨረሻው የመንገደኛ ባቡር ጥሏት የሄደው በ1979 ነው። ኮታ የሚባለው አውቶቡስ አለ። በኖቬምበር 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ለአውቶቡስ ማስፋፊያ የሽያጭ ታክስ ስለጨመረ ወደፊት የተሻለ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለጊዜው ግን መጋዘን ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ ለሌሊት ሺፍት፣ መኪና የግድ ነው። ባልም ሚስትም የሚሠሩ ከሆነ ሁለት መኪና አስቡ።

ሴይንት ፖል ስመጣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የምንጓዘው በ16 ቁጥር አውቶቡስ ነበር። በ2014 ግሪን ላይን የሚባለው የከተማ ባቡር ተከፈተ። ባቡሩ የሁለቱን ከተሞች መሀል ያገናኛል፤ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲንም አቋርጦ ያልፋል። ሌላው ባቡር፣ ሰማያዊው መስመር (ብሉ ላይን)፣ ደግሞ ኤርፖርትና ሞል ኦፍ አሜሪካ ይደርሳል። ለባቡር መስመር ቅርብ ተከራይተው በአንድ መኪና ልጆች ያሳደጉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ብሩክሊን ፓርክ ወይም በርንስቪል ርቃችሁ ከገባችሁ ግን ያው ሁለት መኪና ነው። ሌላም ልንገራችሁ። ሚኔሶታ ዓመታዊው የመኪና ታብ (የሰሌዳ ማደሻ ክፍያ) የሚተመነው በመኪናው ዋጋና ዕድሜ ነው። አዲስ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ይደነግጣል። ኦሃዮ ያን ያህል አይከብድም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። "ሚኔሶታ ታክስ ይገድላል" ሲባል ሰምታችኋል። እውነት አለው፤ ዝቅተኛው የስቴት ታክስ 5.35 ከመቶ፣ ከፍተኛው 9.85 ከመቶ ነው። ኦሃዮ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ኮሎምበስ የራሷ የከተማ ታክስ እንዳላት ነው። 2.5 ከመቶ ነው፤ የሚቆረጠውም ከሙሉ ደመወዛችሁ ነው፣ ስለ ልጅ ብሎ የሚቀንስላችሁ ነገር የለም። ሚኒያፖሊስም ሆነ ሴይንት ፖል ከደመወዝ ላይ የከተማ ታክስ የለባቸውም።

በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ 75,000 ዶላር። በ2024 ሕግ ስሠራው የሚኔሶታ የስቴት ታክሳቸው 2,000 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ በጋራ ለሚሞሉ የሚቀነሰው ገንዘብና የልጆቹ ቅናሽ ብዙ ያወርደዋል። ኮሎምበስ ውስጥ እየኖሩ እዚያው ቢሠሩ የከተማው ታክስ ብቻውን 1,875 ዶላር ነው። የኦሃዮ ሲጨመርበት ከ3,000 ያልፋል። ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ሁለቴ አስደምረውኛል።

ገቢያችሁ ከዚህ ዝቅ ካለ ልዩነቱ ይሰፋል። ሚኔሶታ ከ2023 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር ትሰጣለች። ምንም ታክስ ባይኖርባችሁም ገንዘቡ እጃችሁ ይገባል። ገቢያችሁ በጣም ከፍ ካለ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ኦሃዮ ይሻላችኋል።

ኮሎምበስ ዙሪያ ከተማ ስትመርጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ከተማ ኖራችሁ ሌላ ከተማ ስትሠሩ የሁለቱን ታክስ እንዴት እንደሚያቻችሉ ይለያያል። አንዳንድ የትምህርት ቤት ወረዳዎችም የራሳቸው የገቢ ታክስ አላቸው። ሊዝ (የኪራይ ውል) ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን ይዛችሁ ጠይቁ። በየዓመቱ ይህን ሳያውቁ ቆይተው የሁለትና የሦስት ዓመት ውዝፍ ከነቅጣቱ የሚመጣባቸው ልጆች አያለሁ። ያሳዝኑኛል።

ስለ ደመወዝ ካነሳን፣ ሚኒያፖሊስ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2026 16.37 ዶላር ነው። ኦሃዮ 11 ዶላር ነው። ኮሎምበስ ያሉ መጋዘኖች ከዚያ በላይ ስለሚከፍሉ ይህ ቁጥር ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ሥራ በሁለቱም አለ። ኮሎምበስ መጋዘን፣ ሆስፒታል፣ ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ። እዚህ ደግሞ ሆስፒታል፣ ሆም ኬር፣ ኤርፖርት፣ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ።

ብርዱንስ? የሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ አማካይ 16 ፋራናይት ገደማ ነው። ኮሎምበስ 30 ይጠጋል። ብርዱ ሰው አይገድልም፤ ወጪ ግን አለው። ለአራት ሰው ወፍራም ጃኬት፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት ግዙ፤ ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋሉ። ጥሩነቱ ሚኔሶታ ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም። ኦሃዮ አለ። አፓርታማ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ማሞቂያው ኪራዩ ውስጥ ነው ወይ?" ብላችሁ ይሁን። እዚህ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ አብሮ አለ፤ ያ በክረምት ትልቅ ገንዘብ ነው። የማሞቂያ ቢል ከከበዳችሁም አትደበቁ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ከመብራት ወይም ከጋዝ ድርጅቱ ጋር የክፍያ ስምምነት ገብቶ የሚከፍልን ሰው ማሞቂያ መቁረጥ በሚኔሶታ ሕግ አይፈቀድም። ደውላችሁ መስማማት ግን የናንተ ድርሻ ነው።

ሚኒያፖሊስ መንገድ ላይ የምታቆሙ ከሆነ የበረዶ አዋጁን አጥኑ። በረዶ ሲከብድ ከተማው ሦስት ቀን ያውጃል። የመጀመሪያው ማታ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ አይቆምም። በሁለተኛው ቀን ሌሎቹ መንገዶች ላይ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6) ያላቸው ቤቶች ባሉበት ወገን አይቆምም፣ በሦስተኛው በጎዶሎው። የመጀመሪያ ክረምታችን ላይ ይህን ሳናውቅ መኪናችን ተጎትታ ተወሰደች። ማስመለሻው የሳምንት አስቤዛችን ነበር።

ዲፖዚትም (ስትገቡ ለአከራዩ የምታስይዙት ገንዘብ) አለ። ኮሎምበስ ስንለቅ አከራያችን "ምንጣፉን አበላሽታችኋል" ብሎ ሙሉውን አስቀረብን። ስንገባም ምንጣፉ ያው ነበር፤ ፎቶ ግን አልነበረንም። ኦሃዮ አከራይ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የቆረጠበትን ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስጡት፤ ያን ካላደረጋችሁ ፍርድ ቤት ትዳከማላችሁ። ሚኔሶታ ሦስት ሳምንት ነው፣ ከነወለዱ። የትም ብትገቡ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ በካልኩሌተር ይሠራል። የሚቀጥለው አይሠራም።

በ2013 ፌብሩዋሪ ዲሲ ያለው ወንድሜ ሞተ። እኔ ሴይንት ፖል ነኝ። ለአራት ሰው በሰዓታት ውስጥ የሚነሳ የአውሮፕላን ቲኬት ስናይ አቅማችን የአንድ ሰው ብቻ ሆነ። ብቻዬን ሄድኩ። ልጆቼ አጎታቸውን ሳይሸኙ ቀሩ። ባለቤቴ ከእህት ወንድሞቼ ጋር ለቅሶ ሳይቀመጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኮሎምበስ ብንሆን ኖሮ ማታ መኪና ውስጥ ገብተን ጠዋት እዚያ ነበርን። 400 ማይል ያህል ነው። ኮሎምበስ በነበርንበት ዘጠኝ ዓመት ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለፋሲካ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አልቆጠርኩትም። እናቴም በአንዱ የዘመድ መኪና መጥታ ወር ትቀመጥ ነበር። ከሚኒያፖሊስ ዲሲ ከ1,000 ማይል በላይ ነው።

በእርግጥ ሁለቱም ከተማ ወገን አለ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ዕቁቡ፣ የለቅሶ ዕድሩ ሁለቱም ጋ ይገኛል። ጎረቤት ሆኖ የሚያጽናና ሰው አታጡም። እናት ግን በዕድር አትተካም።

ከሜሪላንድ የደወልክልኝ ልጄ፣ ትንሹን የሚይዙት የባለቤትህ እናት እንደሆኑ ታክሱን ስንሠራ ነግረኸኛል። እሳቸው አብረዋችሁ የሚመጡ ከሆነ፣ ደመወዛችሁም አሁን ባለበት ከቀጠለ፣ ለእናንተ ሴይንት ፖል ባቡሩ አጠገብ ይሻላል እላለሁ። ትልቋም ቁርስና ምሳዋን ትምህርት ቤት በነፃ ትበላለች፤ ከ2023 ጀምሮ ሚኔሶታ ለሁሉም ተማሪ እንዲህ ነው። እሳቸው ሜሪላንድ የሚቀሩ ከሆነ ግን እኔ የምኖርበትን ከተማ ብወደውም ኮሎምበስ ግቡ። ያላችሁን መኪና ዕዳ ከፍላችሁ ጨርሱ፣ ሁለተኛውን አሮጌም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ ግዙ፣ ከዚያ ሂዱ። ያ ስድስት ወር ቢያዘገያችሁም ይዘግይ።

ቤት መግዛቱን ለመጀመሪያው ዓመት እርሱት። ኦሃዮ የቤት ታክስ የሚከፈለው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ የቤት ግምትም በየጊዜው ስለሚከለስ የሻጩ የድሮ ቢል አያታልላችሁ። ያንን ስትደርሱበት ደውሉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ። ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት አንዳችሁ በፌብሩዋሪ ሄዳችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ። በሰኔ ሁሉም ከተማ ያምራል። በሥራ ሰዓታችሁ፣ ጨለማ ቢሆንም፣ ከምታዩት አፓርታማ እስከምትሠሩበት ቦታ ደርሳችሁ ተመለሱ። ዴይኬር ገብታችሁ ወረፋው ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። ሴይንት ፖል ከመጣችሁ ሆቴል አትክፈሉ፣ ከኔ ጋር ታድራላችሁ። ኮሎምበስ ከሆነ የድሮ ጎረቤቴ እዚያው ናት። ነግሬያታለሁ፣ እየጠበቀቻችሁ ነው።