አንድ ድስት ስጎ፣ አምስት አፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ገርጂ ነው፤ ቤታችን ውስጥ አምስት ነን። እሑድ እሑድ ማታ ፓስታ እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ማታ እጨቃጨቃለሁ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ነጭ ፓስታ በቅቤ ካልሆነ አይነካም። አሥራ አራት የሞላት እህቱ ሽንኩርት ካየች በሹካ እየለቀመች ሳህኑ ዳር ትደረድራለች። ባለቤቴ በርበሬ የሌለው ነገር የሆስፒታል ምግብ ይመስለዋል፤ እንጀራም ይቅረብልኝ ይላል። አማቴ ደግሞ አንዴ ቀምሰው "ጥሬ ነው" ብለው ያስቀምጡታል። ባለፈው ሁሉንም ላስደስት ብዬ ፓስታውን ራሴ ከዱቄት ጀምሬ ሠራሁት። ተጣብቆ ገንፎ ሆነ። ትንሹ "እማዬ፣ ማንኪያ አምጪ" አለኝ። ምን ይሻለኛል?
የጨነቃት እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ ማንኪያ የጠየቀሽን ልጅ ሳሚልኝ! እንዲህ ያስቀኝ ደብዳቤ ከመጣ ቆየ።

አይዞሽ እህቴ። የኔን የመጀመሪያ ብታይው ያንቺን ታመሰግኚው ነበር። ካዛንቺስ ሳለን፣ ገና ሙሽራ ሆኜ፣ የቆረጥኩትን ፓስታ ይድረቅ ብዬ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ነፋስ መጣ። ግማሹን የጎረቤት ዶሮ በላችው። የተረፈውን በትንሽ ድስት ቀቀልኩትና አንድ ድብልብል ሆኖ ወጣ። በቢላዋ ቆርጠን በላነው።

ያንቺም ገንፎ የሆነው ወይ ሊጡ ረጥቦ ነው፣ ወይ ውሃው ሳይፈላ ገብቶ ነው። ምናልባት ሁለቱም።

ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል። (ፉርኖ የምንለው ጣሊያን ምድጃውን "ፎርኖ" ስለሚለው ነው። ስጎም የነሱ ቃል ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የተረፈ ስም ነው። ሰፈሬንም ድስቴንም ሰይመው ሄዱ።) የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ አምስት፣ የሐበሻ ከሆነ ሰባት ስበሪበት። ውሃ ጠብ እንዳታደርጊ። መጀመሪያ ፍርፋሪ ይመስልና "ይሄማ አይያያዝም" ትያለሽ። ማሸትሽን ቀጥዪ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ይበል። በጣትሽ ስትጫኚው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። በፌስታል ሸፍነሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ይህቺን ግማሽ ሰዓት ከዘለልሽ በዳመጥሽው ቁጥር ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስለቅስሻል።

አራት ቦታ ከፍለሽ ዳምጪው። መዳመጫ ከሌለሽ ጠርሙስም ይሠራል። ከሥሩ የእጅሽ ጥላ እስኪታይ ይሳሳ። ዱቄት ነስንሰሽ ጠቅልዪና በትንሿ ጣትሽ ስፋት ቁረጪው። ወዲያው በትኚው፤ ደግመሽ ዱቄት ነስንሺበት፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቆይ። ገመድ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ አማትሽ። እውነታቸውን ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። እሽጉ ላይ 8 ደቂቃ የሚል ፓስታ እኛ ጋ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሪለት። በእንቁላል የታሸው ትኩስ ፓስታ ግን በሦስት አራት ደቂቃ ለስለስ ብሎ ይበስላል። ለእሳቸው ጥርስም የሚመቸው እሱ ነው። ትልቁን ድስት አውጪ፦ አምስት ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው። ውሃው ካልተንተከተከ ፓስታው አይገባም። ዘይት ጨምሩበት የሚሉሽን ተያቸው፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ከታች ያለውን አያላቅቅም። የሚያላቅቀው ማማሰያ ነው። ውሃውን ከመድፋትሽ በፊት አንድ ኩባያ አስቀሪ፤ ስጎውን ከፓስታው ጋር የሚያዋህደው እሱ ነው።

ስጎውን ደግሞ ለየሰው ለየብቻ እንዳትሠሪ፤ ታብጃለሽ። ድስቱ አንድ ይሁን፤ ከእሱ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ። ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ካሮት በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቂ። መክተፍ የለም። በዘይት፣ በዝግታ፣ እንደ ወጥ ቁሌት ግማሽ ሰዓት ይብሰል፤ ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም ተፈቅፍቆ፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ዘይቱ ከላይ ሲወጣ አውርጂ። ይህ የአማትሽና የልጅቷ ነው። ግን አትዋሻት። "ሽንኩርት የለውም" ብለሽ ከደረሰችበት ዳግመኛ ያንቺን እጅ አታምንም። "አለው፣ ግን ፈልገሽ አታገኚውም" በያት። ስትፈልግ ትጨርሰዋለች።

ለባለቤትሽ በሌላ መጥበሻ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ አድርጊ። ውሃው ሲመጠጥ ዘይት፣ አንድ ተኩል ማንኪያ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ጨምሪ። በርበሬው ሲበስል ከድስቱ ሦስት ጭልፋ ስጎ። እንጀራውንም አቅርቢለት። ፓስታ በእንጀራ ሲበላ አይተው የሚስቁ አሉ፤ እኔ እንደዚያ ጠቅልዬ ነው ያደግኩት፤ ጣት የሚያስቆረጥም ነገር ነው።

በጾም ቀን ከሆነ ግን ይሄ ሊጥ እንቁላል አለበት፤ አይሆንም። የእሽጉ አብዛኛው ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፤ ጀርባውን አንብበሽ ግዢ። ስጎው ያለ ሥጋው እንዳለ የጾም ነው።

ትንሹን አትለማመጪው። ፓስታውን በገበታ ቅቤ ለውሰሽ ስጪው፤ ከጎኑ በቡና ሲኒ ትንሽ ስጎ አስቀምጪና ዞር በይ። ደግሞ ሊጥ ስትዳምጪ ቁራጭ ስጪው። የልጅ ልጄ ቀይ ስጎ አፉ ያስገባው የራሱን ጠማማ ፓስታ የቆረጠ ዕለት ነው። "የኔን ከማንም ጋር አትቀላቅሉብኝ" ብሎ ድስቱ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ልጆች የሚቆርጡት ወፍራም ስለሚሆን ለብቻው ቀቅዪው፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሪበት።