የጣላችሁትንም ጻፉ

ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ 31 ዓመት የሠራሁት ሂሳብ ክፍል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የግምጃ ቤት ሂሳብ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የእህቴ ልጅ መጣችና ደመወዟ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅባት ነገረችኝ። "ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?" አለች። ለሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ ብዬ ነው።

ወጪሽን ጻፊ ስላት ሳቀች። ለካ ትጽፋለች። ስልኳ ላይ ሁሉም አለ፤ ኪራይ፣ ታክሲ፣ ካርድ፣ ማኪያቶ ሳይቀር። "የጣልሽውስ?" አልኳት። ዝም አለች።

ግምጃ ቤት ውስጥ ሰኔ 30 ሲደርስ ቆጠራ አለ። የዕቃው መመዝገቢያ ካርድ ላይ 40 ተብሎ መደርደሪያው ላይ 37 ከተገኘ፣ ሦስቱ የት እንደገቡ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ቤት ውስጥ ግን ጠያቂ የለም። ሁለት እንጀራ ሻገተ፣ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ፈረሰ፣ ሽሮው ነቀዘ፤ በፌስታል ተቋጥሮ ይወጣል፣ በቃ። እኔ ራሴ የመሥሪያ ቤቱን ብሎን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ የገዛ ማድ ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚጣል ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ እዚህ ጋ ስትደርስ እንደምትስቅ አውቃለሁ።

እና አንድ ትንሽ ደብተር ማድ ቤት አስቀምጡ። ለአንድ ወር የምትጥሉትን ብቻ ጻፉበት፣ ዋጋውንም በግምት አጠገቡ አድርጉ። ሌላ ምንም አትቀይሩ።

እኛ ቤት ጉድለቱ የተገኘው እንጀራ ላይ ነው። ልጆቹ ወጥተው ሁለት ሰው ቀርተን አሁንም ለስድስት ሰው ነበር የሚጋገረው። በክረምት ደግሞ ሦስት አራት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። ሻጋታውን ቆርጬ ቀሪውን ልብላ አትበሉ፤ ዓይን ከሚያየው አልፎ ውስጥ ይገባል። መቅደም ነው ያለባችሁ። እንጀራ በትኩሱ ከተደራረበ ያልበዋል፣ ሻጋታ የሚጠራውም ያ ላብ ነው፤ በረድ እያለ ይደራረብ። በሁለተኛው ቀን ማታ እንደማይበላ ያወቃችሁትን ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካልነካው ብዙ ይቆያል። የወር መጨረሻ ፍርፍር ከሱ ይወጣል። ድሮ እናቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ የሚቋጥሩትም እሱን ነበር፣ እኛ ነን ድህነት ያስመሰልነው።

ከእንጀራው ጋር ምጣዱ ይነሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ10 ዋት አምፖል ብትመነዝሩት ከ300 እስከ 400 አምፖል በአንዴ ማብራት ነው። ስለዚህ የበረንዳ መብራት አልጠፋም ብሎ ከሚጨቃጨቅ ሰው ይልቅ፣ ምጣዱ ግሎ ሊጡ ገና እየተማሰለ ያለ ቤት ነው የሚያሳስበኝ። መጀመሪያ ሁሉም ይሰናዳ፣ ከዚያ ይለኮስ። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር ሳይሻግት የምትጨርሱትን ያህል በአንድ ሙቀት መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ጠፍቶም በሙቀቱ ይበስላሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ተከራይ ከሆናችሁ ተራ በተራ በዚያው ሙቀት ጋግሩ። የመብራት ታሪፉ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውም እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ይህን አትርሱ።

ቆጥቤ የከሰርኩበትንም ልናገር። አንድ ጊዜ ርካሽ ማከፋፈያ ገዝቼ ምጣዱን ሰካሁበት። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ማለት ወደ 16 አምፔር ነው፤ ሂሳቡን መሥራት የምችል ሰው ነበርኩ፣ አልሠራሁም። ማከፋፈያው ቀለጠ፣ ሶኬቱ ጠቆረ፣ ግድግዳው በጭስ ጠለሸ። ለምጣድ የራሱ መስመር በባለሙያ ይዘርጋለት። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

ግዢ ላይ ብዙ አልላችሁም። ጤፍና በርበሬ ምርት ከገባ በኋላ ይሻላሉ፣ የእሁድ ገበያና የሸማቾች ሱቅም በእግር መሄድ ያዋጣል። ግን ብቻችሁን እየኖራችሁ 10 ኪሎ ሽንኩርት በርካሽ አገኘሁ ብሎ መሸከም ቁጠባ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። የናንተን ድርሻ ፌስታል ውስጥ አትተዉት፣ ያልበዋል፤ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ካርቶን ላይ ዘርጉት፣ ከድንችም ለዩት። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፣ ቶሎ ይበስላል። የቧንቧ ጠብታ ሰምታችሁ ከተኛችሁ ደግሞ ማታ ባልዲ ደቅኑና ጠዋት እዩት፤ ያኔ ቧንቧዋ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ ለማስቀየር ትነሳላችሁ። ሃይላንድና ቆርቆሮ ለቆራሌው፣ አሮጌ ልብስ ለልዋጭ። ቡናውን ግን አትተዉ። ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ ቡና በኔ ሂሳብ ወጪ ውስጥ አይገባም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በወሩ መጨረሻ 1,140 ብር ጽፋ መጣች። የተጣለው ሁሉ ማለት ይቻላል ወጥ ነው። እሁድ ትሠራለች፣ ሐሙስ ትደፋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት ምሳዋን ውጭ ነው የምትበላው። ለምን ውጭ? ተሸኮረመመች። ቢሮ ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ያሳፍራል አለችኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ለሠራችው ወጥ ከፍላለች፣ ለሆቴሉ ምሳም ከፍላለች፣ አንዱን ደፍታዋለች። በመሀል ደግሞ ከጓደኛ ትበደራለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ምሳ ዕቃዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው የሄድኩት፣ ኃላፊ ከሆንኩም በኋላ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም ሰዓቱ ሲደርስ ሹካ ይዘው የሚጠጉ ነበሩ። አሁን እሷም ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች፣ አሁን አራት ሆነው እየተቀላቀሉ ይበላሉ። ከዚያ በተረፈው አንድ እቁብ ገብታለች፣ ዕጣው ገና አልደረሳትም።

የኛ ቤት ደብተርም አልተዘጋም። የዚህ ሳምንት ገጽ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አለ፤ ግማሽ ሎሚና ሁለት ጭልፋ ሽሮ። ሽሮውን ሳልከድነው ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ስሜን አጠገቡ ጽፋበታለች።