ሐሩር ሁሉ ቆላ አይደለም
የአንባቢያን ጥያቄና የዓምዱ መልስ

ሐሩር ክልል የምንለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን ቀበቶ ነው። በዚህ ቀበቶ ውስጥ ግግር በረዶ የጫነ ተራራ፣ ዝናብ የማያውቅ በረሃና ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብበት ደን ይገኛሉ። ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ጥያቄዎች የዚህን ልዩነት ምክንያት ይጠይቃሉ። የመልሱ ቁልፍ ካርታው ላይ ካለው የኬክሮስ መስመር ይልቅ ከፍታው፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የባሕሩ ሙቀትና የዐለቱ ዕድሜ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት። ታዲያ ኪሊማንጃሮ እንዴት በረዶ ለበሰ? የአንድን ቦታ ሙቀት ከከፍታው ተነስቶ ማስላትስ ይቻላል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ይቻላል፤ ስሌቱ የት እንደሚሳሳት ግን አብሮ መታወቅ አለበት።

አየርን በዋናነት የሚያሞቀው ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ክብደት ይቀልለታል፤ ስለዚህ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደረቅ ከሆነ በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ደመና መሥራት ከጀመረ ግን ተኑ ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይዘገያል፤ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ለተራ ስሌት የሚያዘው አማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፍታውና ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ የሚታወቅ ቅርብ ቦታ ይያዙ። የሁለቱን ቦታዎች የከፍታ ልዩነት ለ1000 ያካፍሉ፤ ውጤቱን በ6.5 ያባዙ፤ ያገኙትን ቁጥር ከሚታወቀው ሙቀት ላይ ይቀንሱ። ከኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ 800 ሜትር ገደማ ላይ፣ አማካዩ 23 ዲግሪ አካባቢ ነው እንበል። ጫፉ 5895 ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 5100 ሜትር ያህል ነው። 5.1 በ6.5 ሲባዛ 33 ይሆናል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እንጠብቃለን። በግግር በረዶው ላይ በመሣሪያ የተለካው አማካይ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። ለእርሳስና ለወረቀት ሥራ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። በረዶው ራሱ ግን እየጠፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ስፋት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው አሁን የለም።

አሁን ደግሞ የሚሳሳትበትን እንይ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ 2640 ሜትር ላይ ናት። ከካሪቢያን ዳርቻ 28 ዲግሪ ተነስተን ብናሰላ 11 ዲግሪ ይመጣል፤ የከተማዋ እውነተኛ አማካይ ግን ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ነው። ከተማዋ የቆመችው በሰፊ አምባ ላይ ነው። አምባው ፀሐይ ተቀብሎ በላዩ ያለውን አየር ራሱ ስለሚያሞቅ፣ ሰፊ ደጋ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ ሹል ጫፍ ይሞቃል። ሌላው ስሕተት ሸለቆ ላይ ያጋጥማል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ከታች ስለሚተኛ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ሰብል ተርፎ ከሥሩ ያለውን ውርጭ ሊያቃጥለው ይችላል። በሐሩር ደጋ ማሳ የሚመርጥ ሰው ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ያለውን ቢወስድ ይሻለዋል።

እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የምንለውን በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎችም በራሳቸው ቋንቋ ሞቃት ምድር፣ ልከኛ ምድር፣ ቀዝቃዛ ምድር ይሉታል። በመጽሐፍ የሚሰጠው ወሰን እስከ 900 ሜትር፣ እስከ 1800 ሜትርና እስከ 3600 ሜትር ነው። ከታች ካካዎና ሙዝ፣ ከመካከል ቡና፣ ከላይ ገብስና ድንች ይበቅላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ብርዱ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። በፔሩና በቦሊቪያ አምባ ላይ፣ 3800 ሜትር አካባቢ፣ በየወሩ አማካይ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ግን ትልቅ ነው። ገበሬዎቹ በሰኔና በሐምሌ ትናንሽ ድንቾችን ሜዳ ላይ ያሰጣሉ። ሌሊቱ ያቀዘቅዛቸዋል፤ ቀኑ ያቀልጣቸዋል። ሁለት ሦስት ሌሊት ካለፈ በኋላ በእግር ረግጠው ውሃውን ያወጡና በፀሐይ ያደርቁታል። ቹኞ የሚባለው ይህ ምግብ ክብደቱ ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ ይላል፤ ከእርጥበት ከተጠበቀም ለዓመታት አይበላሽም። ሥራው የሚበላሸው ሌሊቱ ደመናማ ሲሆን ነው። ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ከቀረ ውሃውን አይለቅም፤ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ የምትገኘውም በሐሩር ክልል ነው። ዝናብ ግን የላትም ይባላል። ባሕር አጠገብ ሆኖ መድረቅ እንዴት ይሆናል?

ባሕር ቅርብ መሆኑ ብቻ ዝናብ አያመጣም። አየር ተን ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት አለበት። በፔሩ ዳርቻ ይህን የሚከለክሉ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አንዲስ ነው። ከአትላንቲክ ተነስቶ በአማዞን ደን ላይ የሚያልፈው እርጥብ ነፋስ ተራራውን በምሥራቅ በኩል ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ወደ ምዕራብ ሲወርድ ደርቋል፤ ሲወርድም ይበልጥ ይሞቃል። ይህ የዝናብ ጥላ ይባላል። ሁለተኛው የሁምቦልት ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው። ከደቡብ የሚመጣው ጅረትና ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጣው ውሃ በባሕሩ ላይ ያለውን አየር ያቀዘቅዙታል። ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ስለሚሆን አየሩ እንደ ተከደነ ድስት ይቆያል፤ ዝናብ ለመሥራት አይነሣም። ሊማ ለወራት በጭጋግ ተሸፍና ትከርማለች፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ግን ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም።

ያንን ጭጋግ ውሃ ማድረግ ይቻላል። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ የሚተከለው መረብ አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ጠንካራ ምሰሶዎች በሽቦ ገመድ ይወጠራሉ፤ በመካከላቸው ለችግኝ ጥላ የሚሆን የፕላስቲክ መረብ በሁለት ድርብ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ አሸንዳ ይታሰራል፤ ከዚያ ቱቦና በርሜል ይከተላሉ። አንድ ካሬ ሜትር መረብ በደህና ወቅት በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይሰጣል፤ 40 ካሬ ሜትር ከ120 እስከ 200 ሊትር ማለት ነው። የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ መረቡ ለነፋሱ ጎኑን ሰጥቶ ሲተከል ነው። ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ገመዱ ከላላ ነፋስ መረቡን ያርገበግበውና ይቀደዳል፤ አሸንዳው አቧራ ከያዘ ውሃው በጎን ይፈስሳል። ሁለቱንም በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ድርቀት ውስጥ ሀብትም አለ፤ እኛን በጣም የሚገርመን ይህ ሰንሰለት ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከጥልቁ ንጥረ ነገር ያወጣል፤ በዚያ ጥቃቅን ዕፅዋት ይራባሉ፤ እነሱን አንቾቬታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን የባሕር ወፎች ይመገባሉ። ወፎቹ በቺንቻ ደሴቶች ላይ የጣሉት ኩስ፣ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ፣ ናይትሮጅኑን እንደያዘ በአስር ሜትሮች ተከመረ። ጓኖ የተባለው ይህ ማዳበሪያ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ እስከ 1870ዎቹ የፔሩ መንግሥት ዋና ገቢ ነበር። እንዲህ ያለ ክምችት ዝናባም በሆነ ደሴት ላይ ናይትሮጅኑን ይዞ አይቆይም ነበር።

ሰንሰለቱ ከአንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይናጋል። ኤልኒኞ በሚከሠትባቸው ዓመታት ባሕሩ ስለሚሞቅ ዓሣው ይርቃል፤ በረሃውም በጎርፍ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የአንቾቬታ ምርት በ1973 ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ለዚህ ኤልኒኞ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ከልክ ያለፈው ማጥመድም ነበረበት።

ጥያቄ፦ የኢንዶኔዥያ ደሴት ጃቫ በሕዝብ ተጨናንቃለች፤ አጠገቧ ያለችው የቦርኒዮ ደሴት ግን ሰፊ ሆና ነዋሪዋ ጥቂት ነው። ዝናቡም ሙቀቱም ተመሳሳይ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? (የእርሻ ባለሙያ)

ዐለቱ ነው። በቦርኒዮ ያለው የኢንዶኔዥያ ክፍል ካሊማንታን ከጃቫ አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ነዋሪው ግን 17 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጃቫ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛለች። ለዚህ የመንግሥት መቀመጫነትና የንግድ ታሪክም ድርሻ አላቸው፤ መሠረቱ ግን አፈሩ ነው።

በሐሩር ክልል ከባድ ዝናብና ሙቀት አፈርን ለብዙ ሺህ ዓመታት ያጥቡታል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ የሚቀረው የብረትና የአሉሚኒየም ውህድ ነው። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ብረት ነው። በጃቫ እሳተ ገሞራዎች አዲስ አመድ እየጨመሩ የታጠበውን ይተካሉ። አመዱ ወዲያው በረከት ነው ማለት ግን አይደለም። ጥቂት ሴንቲሜትር ከሆነ ታርሶ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ወፍራም ከሆነ ሰብሉን ቀብሮ ለዓመታት ይቆያል፤ ተዳፋት ላይ ዝናብ ካገኘው ደግሞ የጭቃ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

በካሊማንታን የሚያስደንቀው ደን የቆመው በደሃ አፈር ላይ ነው። አብዛኛው ምግብ ያለው በዛፎቹ ውስጥ ነው፤ የወደቀው ቅጠል በፍጥነት በስብሶ ሥሩ መልሶ ይቀበለዋል። ደኑ ሲመነጠርና ሲቃጠል አመዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ምርት ያገለግላል፤ ከዚያ መሬቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ማረፍ አለበት። ዕረፍቱ ወደ 3 እና 4 ዓመት ሲያጥር አሠራሩ ይፈርሳል።

ለታጠበ ቀይ አፈር መድኃኒቱ መለካት ነው። የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው የፒኤች መጠን ከ5.5 በታች ከሆነ የሚሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አይደርስም። ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን የተፈጨ ኖራ ከመዝራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይበተናል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስም ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ላይ ላዩን ብቻ መበተን ሥሩ ያለበትን አያክምም። ከልክ ማለፉ ደግሞ ዚንክና ማንጋኒዝ ያሳጣል።

ረግረጋማውን የዕፅዋት ብስባሽ መሬት ግን አይንኩት እንላለን። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1996 በማዕከላዊ ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ለሩዝ እርሻ ለማዋል ቦዮች ማስቆፈር ጀመረች። ውሃው ሲወጣ ብስባሹ ደረቀ፣ ሰመጠ፣ አሲዳማ ሆነ፤ ሩዙም አልያዘ። በ1997ቱ ድርቅ የደረቀው መሬት ከሥሩ ተቃጠለ፤ ጭሱም ጎረቤት አገሮችን ሸፈነ።

ጥያቄ፦ በምድር ወገብ ላይ ባሕሩ ሞቃት ሆኖ አውሎ ነፋስ ለምን አይነሣም?

አውሎ ነፋስ ለመሽከርከር የምድር መዞር የሚሰጠው ግፊት ያስፈልገዋል፤ ያ ግፊት በምድር ወገብ ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ ከ5 ዲግሪ ኬክሮስ በታች እምብዛም አይፈጠርም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ከሲንጋፖር አጠገብ በ1.4 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ የተፈጠረው ቫሜይ የተባለ አውሎ ነፋስ ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ የፓናማ ቦይ ሁለት ውቅያኖሶችን ያገናኛል። ታዲያ ዝናብ ሲጠፋ መርከቦች ለምን ይሰለፋሉ?

ቦይ ሲባል ባሕር ከባሕር የሚያገናኝ ጉድጓድ ይመስላል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሞከሩት ይህንኑ ነበር። ተራራማው መሬት ይናድ ነበር፤ የቻግሬስ ወንዝ በክረምት ቁፋሮውን ያጥለቀልቀው ነበር፤ ቢጫ ወባና ወባ ከ20,000 በላይ ሰዎች እንደገደሉ ይገመታል። አሜሪካውያን በ1904 ሲረከቡ መጀመሪያ ትንኙን ተዋጉ። የቆመ ውሃ አፋሰሱ፤ ሊፋሰስ ያልቻለው ላይ ዘይት ረጩ፤ የቤቶቹን መስኮቶች በወንፊት ሸፈኑ። ከዚያም ወንዙን ገድበው ጋቱን ሐይቅን ሠሩ። ቦዩ በ1914 ተከፈተ።

መርከብ በባለ በር ክፍሎች 26 ሜትር ወደ ሐይቁ ይነሣል፤ በሌላው ጫፍ ይወርዳል። ክፍሎቹ የሚሞሉት ከሐይቁ ቁልቁል በሚፈስ ውሃ ነው። በነባሮቹ ክፍሎች አንድ መርከብ ሲያልፍ ወደ 200,000 ሜትር ኩብ ጨው አልባ ውሃ ወደ ባሕር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈቱት አዲሶቹ ባለ ማጠራቀሚያ በመሆናቸው 60 በመቶ ያህሉን መልሰው ይጠቀማሉ። በምትኩ የባሕር ውሃ ወደ ላይ ቢገፋ ሐይቁን ጨዋማ ያደርገዋል፤ የፓናማ ሲቲና የኮሎን ሕዝብ የሚጠጣው ደግሞ ከዚሁ ተፋሰስ ነው።

ሐይቁ የሚሞላው ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ በሚዘንበው ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤልኒኞ ሲመጣ ዝናቡ አነሰ። በቀን እስከ 36 ያልፉ የነበሩት መርከቦች ወደ 24 ወረዱ፤ ትልልቆቹ ከውሃ በታች የሚገባው ጥልቀታቸው ከ15.2 ወደ 13.4 ሜትር ስለተገደበ ጭነታቸውን ቀነሱ። አሁን የታሰበው ሪዮ ኢንዲዮ የተባለውን ወንዝ ገድቦ ውሃውን ወደ ጋቱን ማምጣት ነው። በዚያ ሸለቆ የሚያርሱ ቤተሰቦች ግን መሬታቸው በውሃ ሥር ይሆናል፤ የቦዩ ጥማት አሁን ወደ እነሱ ደጃፍ ደርሷል።