የበግ ጎድን ሎሚ ውስጥ አታሳድሪ

እህቴ፣ «የበግ ጎድን አዋዜና ሎሚ ቀብቼ አሳድሬ ስጠብሰው ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ይደርቃል፤ ቀላል ማሪኔድ (የሥጋ መዘፍዘፊያ) ንገሩኝ» ላልሽው፣ እኔም እዚያው ላይ ስለተቃጠልኩ ልንገርሽ።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ማግስት «ይለሰልስልኛል» ብዬ የአራት ሎሚ ጭማቂ ጨምሬ ፍሪጅ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ቀዩ ሥጋ ነጥቷል፣ የተቀቀለ ነው የሚመስለው። ድስቱ ላይ ሳሳርፈው ውሃውን ለቀቀ። ስንበላው ላዩ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ውስጡ ጎማ። እንግዶቹ በይሉኝታ ጎረሱ። ለካ ሎሚ ሥራው ከላይ ከላይ ነው፤ ሲቆይ ላዩን ያበላሻል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። የሚዘልቀው ጨው ነው።

አሁን ለአንድ ኪሎ ጎድን 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 5 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ነው የምጠቀመው። ቅጠሉን በእጅሽ አሸት አድርጊው፣ ሽታው ያኔ ነው የሚወጣው። ዝንጅብሉን አታብዢ፤ ሥጋ የሚያላላ ነገር ስላለው ካደረ ያልፈሰፍሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት ይበቃዋል። በጉ ያረጀ ከሆነ ግን ይህም አያድነውም፣ ቅቅል አድርጊውና ተገላገይ።

የሚያርርብሽ በርበሬው ነው። አዋዜ ከመጀመሪያው ከተቀባ፣ ሥጋው ሳይበስል እሱ ይጠቁርና ይመራል። ስለዚህ ጎድኑን ከቅመሙ አውጪ፣ የተጣበቀውን ነጭ ሽንኩርት ጠረግ ጠረግ አድርጊ፣ በሶፍት አድርቂው። እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ድስቱ ጠብታ ውሃ ሲነካው ቸስ ካለ ደርሷል። ጣት የሚያክል ውፍረት ላለው ጎድን በአንድ ወገን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ሥጋውን ልታወጪ አንድ ደቂቃ ሲቀርሽ አዋዜውን ቀቢው። ከዚያ 5 ደቂቃ ሳትነኪው ይረፍ፤ ልጆቹ ዙሪያውን ቢከቡሽም።

የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ግን ለማባያ እንዳታቀርቢው፣ ጥሬ ሥጋ ነክቶታል። እኔ የማባያውን አዋዜ ከመጀመሪያው በሌላ ሳህን ቀንሼ አስቀምጣለሁ።