ጥያቄና መልስ፦ የእንጀራ አያት ሲሞቱ ቤቱ የማን ነው?

ከሆጤ፣ ደሴ፦ «እናቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ ሴት አያቴና ባለቤታቸው፣ የእንጀራ አያቴ፣ ናቸው። አያቴ አምና አረፉ፣ ባለቤታቸው ዘንድሮ። የቤቱ ካርታ በባልየው ስም ነው። ልጆቻቸው ‹አንተ የሥጋ ዘመድ አይደለህም› ይሉኛል። ድርሻ የለኝም?»

ከባልየው የለዎትም። ያለ ኑዛዜ የሚወርሰው የሥጋ ዘመድ ወይም የጉዲፈቻ ልጅ ነው፤ ማሳደግ ብቻውን ወራሽ አያደርግም። ከአያትዎ ግን አለዎት። ካርታ በአንድ ሰው ስም መውጣቱ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። በጋብቻ ዘመን የተሠራ ወይም የተገዛ ቤት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግል ነው ባዩ ያስረዳ። ግማሹ የአያትዎ ከነበረ፣ ሲያርፉ ወደ ልጆቻቸው አልፏል፤ በእናትዎ እግር ደግሞ እናንተ ትተካላችሁ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842)። አያትዎ ሁለት ልጆች ወልደው፣ እናንተ ለእናታችሁ ሦስት ብትሆኑ፣ የእርስዎ ድርሻ ከቤቱ 1/12 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በቅርብ የሞቱት ባልየው ስለሆኑ የባልየውን ወራሽነት ይጠይቅና አቤቱታው ይወድቅበታል። እርስዎ የሚያመለክቱት የአያትዎ ወራሽነት እንዲረጋገጥልዎ ነው፤ የአያትዎንና የእናትዎን የሞት ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃዎንና ዝምድናውን የሚያውቁ ምስክሮች ይዘው አያትዎ በኖሩበት ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት። ቀጥሎ የጋብቻ ማስረጃ፣ የግንባታ ፈቃድና የቆየ የግብር ካርኒ ያፈላልጉ። ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተሠራ ሆኖ ከተገኘ የባልየው የግል ነው፤ ያኔ የሚከራከሩት በጋብቻው ዘመን የተጨመረ ሰርቪስ ካለ በእሱ ላይ ብቻ ይሆናል። ይርጋውንም (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡን) አይርሱ፦ መብትዎንና ሌላ ሰው ንብረቱን መያዙን ካወቁ 3 ዓመት (ቁጥር 1000)።

ከሙጋድ፦ «የእንጀራ አያቴ በሽማግሌ ፊት ‹ቤቱ የእሷ ነው› ብለው ሞቱ። ይጸናል?»

አይጸናም። የቃል ኑዛዜ የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለትናንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ለቤት ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሌላ ሰው የጻፈላቸው ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን ሰነዱ ራሱ መናገር አለበት፤ ቀን ይኑረው፤ አምስቱም እዚያው ይፈርሙ። ፊርማው ሁሉ ሞልቶ «ተነበበ» የምትለው ቃል ስለጎደለች ብቻ ኑዛዜ ይፈርሳል። ሽማግሌዎቹ በኋላ ቢመሰክሩም አያድኑትም።

ከደሴ፦ «የቀበሌ ቤትስ ይወረሳል?»

አይወረስም። አብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት የሆነ ቤት ነው፤ ሟቹ ተከራይ ነበሩ። ኪራዩ ይዛወርልኝ የሚል ጥያቄ ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት እንጂ በውርስ መዝገብ አይቀርብም።

ከኮምቦልቻ፦ «አባታችን ከወንድ አያታችን ቀድሞ ሞቷል። አሁን አያታችንም አረፉ። ቤቱ ውስጥ ያሉት የእንጀራ አያታችን ናቸው። አጎታችን ጉዳዩ በሸሪአ ይታይ ይላል።»

ከመስማማታችሁ በፊት ሂሳቡን እዩት። በመደበኛው ፍርድ ቤት አባታችሁን ተክታችሁ ከአጎታችሁ እኩል ትቆማላችሁ። በሸሪአ ግን የሟች ወንድ ልጅ በሕይወት ካለ የልጅ ልጅ አይወርስም። የእንጀራ አያታችሁም ድርሻ ይለያል፦ በሸሪአ፣ ሟች ልጅ ስላላቸው፣ ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳቸዋል፤ በፍትሐ ብሔር ሚስት ወራሽ አይደለችም፣ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ግን ቀድማ ታነሳለች። ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 34) የሸሪአ ዳኝነትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ ስላቆመው አጎታችሁ ብቻቸውን አይወስኑም። መጥሪያ ከደረሳችሁ ቀርባችሁ አለመስማማታችሁን በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ዝም ብሎ መቅረት እንደ ፈቃድ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።