ብር ከተመነዘረ አለቀ

ለጅማ ልጆች፣

አንዲት ተማሪ «ብር ከተመነዘረ አለቀ የሚባለው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትልቁ ኖት አንዴ ከተዘረዘረ በሻይ፣ በባጃጅና በጫት ሳይታወቅ ያልቃል ለማለት ነው። ይሄን ታውቁታላችሁ። የጠገራ ብሩን ጊዜ ግን የሚነግራችሁ ያለ አይመስለኝም።

በአባ ጅፋር ዘመን በጅማው የህርማታ ገበያ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን። ነጋዴው ዘውዷ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቆጥሮ፣ የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ለትንሽ ሸመታ ጠገራ ስለማይወጣ ወደ አሞሌ ጨው ይመነዘራል። አሞሌው የሚመጣው ከአፋር ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ስለሚወደድ ጅማ ላይ በአንድ ብር የሚገኘው ከሰሜኑ ያንሳል። እንዳይሰበር ወገቡን በልጥ ያስሩታል፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። የጅማ ክረምት ደግሞ ጨው ያቀልጣል፤ ስለዚህ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅሉታል። ብሩ ሣጥን ውስጥ ዓመት ይቆያል፣ ምንዛሪው ሳይበላ ያልቃል።

ዛሬ ያልተመነዘረ ብር ማለት ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ነው። ቡናውን በእሸቱ በኅዳር የሸጠ ቤተሰብ ገንዘቡ ፋሲካ አይደርስለትም። ጀንፈል ያስቀመጠ ግን ለትምህርት ቤት አንድ ኬሻ፣ ለማዳበሪያ ሌላ ኬሻ ያወጣል። ጠላቱ ያው እርጥበት ነው። የቡና ማስጫ አልጋ ላይ በስሱ አስጡት፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት፣ ማታ ሸፍኑት፤ ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ ገና ነው። ኬሻውን እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ ደርድሩ። አፈር ላይ የተጣለ ከሥሩ ይሻግታል፤ ነጋዴው እፍኝ አንስቶ ሲያሸተው ዋጋው ያን ጊዜውኑ ተሰበረ።

የእናንተ ነገር ይከብደኛል። በ2013 ዓ.ም. ባለ 200 ኖት ወጣ፣ በዚያው ዓመት ቴሌብር መጣ። ኖት ለመዘርዘር እጅ ትንሽ ይሳሳል፤ ስልክ ላይ ያለ ብር ግን ገና ሲገባ የተመነዘረ ነው። ቤቲንግ ቤት የሚገባው ደግሞ አሞሌ እንኳ አይሆንም።

አትመንዝሩ እያልኩ ነው፣ ለዕዳ ግን ይመንዘር። የቡና ብር የገባ ቀን ከገበያ ሳትወጡ ክፈሉት። የቀረውን ከስልካችሁ ጋር ያልተያያዘ የባንክ ደብተር ላይ አስገቡ፤ ደብተሩንም እናታችሁ ትያዘው።