የትኛው ሊግ ይሻላል ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የ15 ዓመት ልጅ "ጋሼ፣ ደብሊው ኤች ኤል ልግባ ወይስ ጁኒየር ኤ ልጫወት?" ብሎ ጻፈልኝ። ሁለቱም የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ናቸው፤ ደብሊው ኤች ኤል የምዕራቡ ትልቁ ሊግ ነው፣ ጁኒየር ኤ ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ካልጋሪ ያደገ የኛው ልጅ ነው፤ ተከላካይ ነው። መልሱን ጀምሬ ተውኩት። ጥያቄው ሌላ ልጅ አስታወሰኝ። ለሱም ለናንተም አንድ ላይ ልጻፈው።

አልበርታ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ፣ ከሚመጡብኝ ልጆች አብዛኞቹ ሆኪ ተጫዋቾች ነበሩ። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ። አንዱን እናቱ ሌሊት እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገችው። 16 ሲሞላው አንድ ትልቅ ክለብ ፈለገው። በዚያው ሰሞን የአንድ አሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝም ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። እናትየው ክሊኒክ ድረስ መጥታ "ወንድሜ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። "ትልቁ ሊግ ነዋ! እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም" አልኳት። አንድ ደቂቃ አላሰብኩም።

ያኔ ሕጉ ሌላ ነበር። በካናዳ ሦስቱ ትልልቅ የጁኒየር ሊጎች፣ የምዕራቡ፣ የኦንታሪዮውና የኩቤኩ፣ ከዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ ከኤን ኤች ኤል ክለቦች ጋር የፈረሙ ልጆች ይጫወታሉ፤ ለተጫዋቾቹም የኪስ ገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ እዚያ የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠርና በሩ ይዘጋበት ነበር። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የመከርኳት።

ጥር ላይ ቡድኑ በቅርብ ከተማ ሲጫወት ሦስት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ውጭው ከበረዶ ሜዳው በላይ የሚበርድበት ቀን ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ሻንጣቸውን አውቶቡስ ላይ ሲጭኑ ጠበቅኩትና ላግዘው ብዬ ተቀበልኩት። ዚፑ አልተዘጋም፣ ጓንቱ ከላይ ነበር። የሆኪ ጓንትን ከጨዋታ በኋላ ታውቁታላችሁ፤ ስትጨምቁት ላብ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ከመኪና ሦስት ቀን አይለቅም። የሱ ጓንት ደረቅ ነበር። መዳፉ እንኳ አልረጠበም። ከ60ው ደቂቃ አራቱን ቢገባ ነው። ጓንቱን ስነካ አየኝ። "ክለቡ ያሳረፈኝ ቤተሰቦች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እራት ይጠብቁኛል" አለኝ። እኔ ስለ ቤቱ አልጠየቅኩትም ነበር።

በቀጣዩ መኸር ክለቡ አሰናበተው። የኮሌጁ አሰልጣኝ አልደወለም፤ ቢደውልስ ምን ሊያደርግለት? በ18 ዓመቱ መጫወት አቆመ። ሊጉ ለተጫወተበት ዘመን የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ሸፍኖለታል፣ እሱን አልክድም። እናቱ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ሕጉ ተቀይሯል። የኮሌጆቹ ማኅበር በኖቬምበር 2024 ወስኖ፣ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከነዚህ ሊጎች የሚመጣ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ መጫወት ይችላል። "ታዲያ ምን ያስጨንቃል?" ትሉኛላችሁ። ያስጨንቃል። ኮሌጆቹ ከትልቁ ሊግ የበሰለ የ20 ዓመት ጎረምሳ መውሰድ ከቻሉ፣ ላንተ ያሰቡትን ቦታ ለሱ ሊሰጡት ይችላሉ።

የዛሬ ልጆች ከኛ ዘመኖቹ በላይ ትለፋላችሁ፣ አይቻለሁ። ግን ገና በ14 ዓመታችሁ አማካሪ ትይዛላችሁ፤ አዲሱን ማሊያ ኢንስታግራም ላይ ለመለጠፍ ትጣደፋላችሁ። ያገሬ ልጅ ሲያደርገው ደግሞ ይበልጥ ያመኛል።

የኤን ኤች ኤል ተከላካዩ ኬል ማካር የካልጋሪ ልጅ ነው። የደብሊው ኤች ኤል ክለብ መርጦት ነበር፤ እሱ ግን ብሩክስ በምትባል ትንሽ የአልበርታ ከተማ ጁኒየር ኤ ተጫውቶ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2017 የኤን ኤች ኤል ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት 4ኛ ወጣ። ይህን ሳወራ ደግሞ ኮነር ቤዳርድ ትዝ ይለኛል፤ በልዩ ፈቃድ በ15 ዓመቱ ደብሊው ኤች ኤል ገብቶ በ2023 1ኛ ተመረጠ። ስለዚህ ቅድም "አትቸኩል" ያልኩ ቢመስልም፣ ለሁሉም የሚሆን ደንብ የለኝም።

ላንተ ግን ይህን እላለሁ። ክለቡ በመስከረም ስንት ተከላካይ እንደሚመለስለት ጠይቅ። ስንቶቹ 19 እና 20 ዓመታቸው ነው? ባለፈው ዓመት የ16 ዓመቱ ልጅ ስንት ጨዋታ ገባ? "ቀስ በቀስ እናስገባሃለን" ካሉህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያ ሊግ በዓመት 68 ጨዋታ አለው፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ እየተጓዝክ፣ ከጎልማሳ ጋር እየተጋጨህ። ወገብህ ገና እያደገ ነው፤ ይህን እንደ ሙያዬ ነው የምነግርህ። ከቻልክ ያለ ቀጠሮ ሄደህ ጨዋታቸውን እይ። የሚመቱትን ጠፍጣፋ ፓክ ተውና ቤንቹን እይ፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ትንሹ ልጅ ይነሳል ወይስ እንደተቀመጠ ነው?

ከዚያ ደውልልኝ። እናትህም ትደውልልኝ። በዚህኛው ጊዜ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ሁለት ቀን እጠይቃችኋለሁ።